የድሬዳዋን የማታ ገበያ ሙዚቃ የማድረግ አሠራር

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደህና ስልክ፣ ባለገመድ ኤርፎን፣ ነፃ የድምፅ ማቀናበሪያና ትዕግሥት ነው። ስቱዲዮ አያስፈልግም። ግን የምንሠራው ምን እንደሆነ ከመነሻው እንግባባ። የተዘጋጀ ቢት አውርዶ በላዩ ላይ የሻጭ ጩኸት መለጠፍ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ያ ግን ገበያውን ማስዋቢያ ያደርገዋል። እዚህ የማሳየው ምቱንም፣ ቃናውንም፣ ዜማውንም ከገበያው ከራሱ የሚወስድ አሠራር ነው። የድሬ የማታ ገበያ ሦስቱንም ይዟል። የእኛ ድርሻ ፈልጎ ማግኘትና ቦታ ማስያዝ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ፤ ድምፁንም በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ እያጣራና እያስተጋባ ሙዚቃ አደረገው። ከአራት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው የሬዲዮ ባለሙያ ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ የባቡር ድምፅ ቀድቶ በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። ኤል-ዳብ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አንድ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተውም እሱ ነው። ባቡር በወለዳት ከተማ፣ የእሱን መንገድ ተከትሎ ገበያ መቅዳት ተገቢ ሥራ ነው።

1. መጀመሪያ ያለ ስልክ ስሙ

ድሬ ላይ ቀኑ ይሞቃል። ከምሳ በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ ከተማው የሚነሳው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ዋናው የሥራ ሰዓታችን ነው። በረመዳን ገበያው ወደ ሌሊት ይገፋል፤ ዒድ ሲቃረብ ደግሞ ይብስበታል። ድምፁ ያን ጊዜ በጣም ስለሚበዛ ጀማሪ ከሆናችሁ በአዘቦት ቀን ጀምሩ።

ከከዚራ ሰፈር ተነሱና በእግር ወደ መጋላ ሰፈር ሂዱ። ከዚራ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት ነው፤ ድምፅ ይበተናል። መጋላ መንገዱ ጠባብና ጠማማ ነው፣ ግድግዳው ቅርብ ነው፤ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። ይህ ልዩነት በኋላ ስታቀናብሩ ብዙ ይረዳችኋል፤ ክፍት የሆነ ክፍል ስትፈልጉ የከዚራን፣ ጥቅጥቅ ያለ ስትፈልጉ የመጋላን ቅጂ ታወጣላችሁ።

በሁለቱ መካከል ያለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በበጋ ለቀረጻ ጥሩ ቦታ ነው፤ አሸዋ ድምፅ ስለሚውጥ ከሩቅ የሚመጣው የገበያ ጫጫታ ያለ ማስተጋባት ይደርሳችኋል። በክረምት ግን ፈጽሞ አትግቡበት። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የደረሰው ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በዝናብ ወራት ከድልድዩ ላይ ቅዱ።

ስትዞሩ ድምፁን በሦስት ክፈሉት፦ የማይቋረጥ፣ የሚደጋገምና የሚያልፍ። የማይቋረጠው የትራንስፎርመር፣ የፍሪጅና የጄኔሬተር እምምታ ነው። የሚደጋገመው የሚዛን ብረት፣ የሻይ ማንኪያ፣ የሊጥ ምት፣ በሜጋፎን የሚለፈፍ ዋጋ ነው። የሚያልፈው ባጃጅ፣ የሰው ሳቅ፣ የሚጎተት የሱቅ መዝጊያ ነው። የመጀመሪያው ቃና ይሆናል፣ ሁለተኛው ምት፣ ሦስተኛው ጌጥ። ማስታወሻ ደብተር ያዙና የት ምን እንደሰማችሁ ጻፉ፤ ስልክ የምታወጡት በሌላ ቀን ነው።

2. ፈቃድ

ድሬ ላይ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም። መጀመሪያ ግዙ፣ ከዚያ ጠይቁ። «አቦ፣ ድምፅህን ለሙዚቃ ልቅዳው?» ለእኩያ ይበቃል። ለትልቅ ሰው «እናቴ»፣ «ሐጂ» ወይም «ጋሼ» ብላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ትንሽ ቀድታችሁ ኤርፎኑን ጆሯቸው ላይ ስታደርጉላቸው ጥርጣሬው ይቀልላል፤ ሰው የራሱ ሥራ ድምፅ እንዳለው ሲሰማ አንዳንዴ እንደገና አሳምሮ ይሠራላችኋል። እምቢ ካለ አመስግናችሁ እለፉ። ልጅ የሚሸጥ ከሆነ ወላጁን ጠይቁ። ብር እየተቆጠረ ያለበት ቦታ ስልክ አትዘርጉ።

አዛን፣ ቁርአን፣ ዚክሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አትቁረጡ፣ አታዛቡ፣ ምት አትደርቡባቸው። ለሰሚው ጸሎት ናቸው፤ ለእኛ ናሙና አይደሉም። ይልቅ አዛን ሲጀምር ገበያው ምን እንደሚሆን ስሙ። የሱቅ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ሜጋፎን ዝም ይላል፣ ሻጩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አዛኑ ካበቃ በኋላ ሬዲዮዎቹ አንድ በአንድ የሚመለሱበትን ጊዜ ቅዱ። በሥራችሁ መሃል እረፍት ስትፈልጉ ይህ ቅጂ ቦታው ነው።

ከሱቅ የሚወጣ ዘፈን ሌላ ጉዳይ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፈኑን ባለቤት፣ የዘፋኙንና የአሳታሚውን መብት ይጠብቃል። ከስፒከሩ ራቁ፣ የስልኩን ማይክ ወደ ሌላ አዙሩ፣ ወይም ሱቁ ሙዚቃ የማይከፍትበትን ሰዓት ጠብቁ።

3. ስልኩን ማዘጋጀት

ከስልኩ ጋር የመጣው መቅጃ ብዙ ጊዜ ለንግግር የተሠራ ነው፤ የማይቋረጠውን እምምታ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያጠፋዋል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው እሱን ነው። ስለዚህ «ዋቭ» (ያልተጨመቀ ድምፅ) ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ድምፅ ማጥሪያውና ራሱን የሚያመጣጥነው ነገር የሚጠፋበት መቅጃ ጫኑ። በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ ብትቀዱ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል ማለት ነው። ስልካችሁ ይህን የማይችል ከሆነ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ይበቃል፤ በደቂቃ ከ5 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም።

የድምፅ መጠኑ ከፍ ሲል እንኳ ከ-12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ አድርጉ (ጣሪያው 0 ነው)። ድሬ ላይ ሜጋፎን ከጎናችሁ ድንገት ይጮሃል፤ ቦታ ካልተዋችሁለት ቅጂው ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም። ለንፋስ ማይኩን በቀጭን ስፖንጅ ሸፍኑና በላዩ ጠጉራም ጨርቅ እሰሩ። ስልኩን «በረራ ላይ» አድርጉት፤ የጥሪ ምልክት ቅጂ ውስጥ ገብቶ ይጮሃልና።

ስለ ርቀት አንድ ሕግ ያዙ። ከድምፁ የራቃችሁበት ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ዙሪያው ያለው ጫጫታ ግን እዚያው ነው። አንድ ነገር ብቻውን እንዲሰማ ከፈለጋችሁ መፍትሔው መቅረብ ነው እንጂ ማጉላት አይደለም። ስለዚህ ሁሉንም ድምፅ ሁለት ጊዜ ቅዱት፦ አንዴ ከስንዝር ርቀት፣ አንዴ ከአምስት እርምጃ። የቅርቡ መሣሪያ ይሆናችኋል፣ የሩቁ ቦታውን ይነግራል።

4. አንድ ሥፍራ ላይ መቆየት፦ ፈጢራ

እየዞሩ ከመቅዳት አንድ ቦታ ቆሞ መቅዳት ይሻላል። ለመጀመሪያ ሥራ ፈጢራ ጋጋሪ ጎን ቁሙ፤ አንድ ሙሉ የከበሮ ስብስብ እሱ ጋ አለ።

በቅደም ተከተል እንስማው። ሊጡን አንስቶ ዘይት በተቀባው ገበታ ላይ ሲጥለው ደፍ የሚል ወፍራም ምት አለ። ሲያሳሳው፣ እያነሳ ሲያዘረጋው፣ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል፤ ይህ ቀጭን ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጋጋሪው ልምድ ካለው ደግሞ እኩል ነው። እንቁላሉን የብረት ኩባያ ጠርዝ ላይ ይሰብራል፤ ቅጭ። በሹካ ሲመታው ቅጭልጭልጭል ይላል፤ ይህ የእኛ ጸናጽል ነው፣ ሳያቋርጥ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ሊጡ የጋለው ምጣድ ላይ ሲያርፍ ሽሽሽ ይላል፤ አጀማመሩ ስለታም ነው፣ እየቆየ ይለሰልሳል። መጨረሻ መገልበጫው ብረት በብረት ይፈጫል።

አሁን ሁሉም ድምፅ የራሱ ቦታ አለው። የሊጡ ምት ወፍራሙ ከበሮ፣ መዳፉ ቀጭኑ ከበሮ፣ ሹካው ጸናጽል፣ ዘይቱ እንደ ሲምባል የሚከፈት፣ መገልበጫው የክፍል መዝጊያ። ጋጋሪው አንድ ፈጢራ ጨርሶ ሌላ እስኪጀምር ያለማቋረጥ ቅዱ፤ መሃል ላይ አታቁሙ። የሚያስፈልገን ምቱ ብቻ ሳይሆን በምት መካከል ያለው ክፍተትም ነው። ከእሳቱና ከሚፈነጥቀው ዘይት ስልኩን በክንድ ርቀት ያዙት፤ እዚህ ላይ የስንዝሩን ሕግ ተዉት።

በዚህ አኳኋን የጁስ መፍጫውን፣ ሻይ ቤቱን፣ ለውዝ ሻጩን ቅዱ። ለውዝ ሻጩ በጣሳ ሲሰፍር ያለው የመፍሰስ ድምፅ በተለይ ጥሩ ነው፤ አንድ ክፍል ወደ ሌላ የሚሸጋገርበት ላይ ይገባል።

5. መለየትና ስም መስጠት

ቤት ስትገቡ በዚያው ምሽት፣ ድካም ቢኖርም፣ ቅጂውን ስሙና ስም ስጡ። «መጋላ_ፈጢራ_ሊጥ_ቅርብ» የሚል ስም ከወር በኋላም ይገባችኋል፤ «ቅጂ 47» አይገባችሁም። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ሌላ ቦታ ላይ ገልብጡ። ለመቁረጥ በኮምፒውተር ኦዳሲቲ፣ በስልክ ባንድላብ ይበቃሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

6. ምቱን ከገበያው ማውጣት

ከቅጂው ውስጥ በጣም እኩል የሚደጋገመውን ፈልጉ። በሜጋፎን ውስጥ ተቀድቶ የሚዞር ማስታወቂያ ካለ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሁልጊዜ እኩል ርዝመት አለው። ከሌለ የጋጋሪው መዳፍ ወይም «ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ» የሚለው ሻጭ ይሆናል።

ፍጥነቱን እንዲህ አውጡ። ከመጀመሪያው ምት እስከ ዘጠነኛው ያለውን ጊዜ ለኩ፤ በመካከሉ ስምንት ክፍተት አለ። ይህ 5 ሰከንድ ከፈጀ፣ 8 ሲባዛ በ60 ሲካፈል ለ5፣ በደቂቃ 96 ምት ነው። ፕሮግራሙን በዚህ ቁጥር አስተካክሉ። ገበያው ወደ እናንተ ፍጥነት አይመጣም፤ እናንተ ወደ እሱ ሂዱ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ምት በውስጡ ለሁለት ይከፈል እንደሆነ ወይም ለሦስት ስሙ። ለሦስት ከተከፈለ ችክችካ ውስጥ ናችሁ፤ ፕሮግራሙን በ6/8 አድርጉ። የሻጭ ጥሪ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይንሳፈፋል፣ ቃሉ ሲረዝም ይጎተታል። ይህን ጉተታ አትግደሉት። ፕሮግራሙ ምቶችን ወደ መስመር የሚያስገባበት መሣሪያ አለው፤ መቶ በመቶ ካደረጋችሁት ጋጋሪው ማሽን ይሆናል። ሃምሳ በመቶ ላይ ተዉት፣ ወፍራሙን ምት ብቻ በትክክል መስመር ላይ አስቀምጡ።

7. ቃናውን ከመብራቱ መውሰድ

ይህ ከሁሉም የምወደው ክፍል ነው። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ፣ ይሠራል። በዚህ የተነሳ ትራንስፎርመር፣ የድሮው ፍሎረሰንትና ያረጀ ፍሪጅ በዋናነት በ100 ኸርዝ ያንጎራጉራሉ። ሶል የሚባለው ድምፅ 98 ኸርዝ ላይ ነው። እንግዲህ የማታ ገበያው ሙሉ ምሽቱን፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ ከሶል ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ ያዜማል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሳም ቃናው ብዙ አይርቅም። አነስተኛው የቤንዚን ጄኔሬተር 50 ኸርዝ ለማመንጨት በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል፤ ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚተኩስ ጭስ ማውጫው በሰከንድ 25 ጊዜ ይመታል። ይህም ያው ድምፅ ነው፣ ሁለት ኦክታቭ (ሁለት ጊዜ በግማሽ) ዝቅ ብሎ። በተግባር ጄኔሬተሩ ጭነት ሲበዛበት ትንሽ ይወርዳል፣ ሲቀልለው ይወጣል፤ ጁስ ቤቱ መፍጫውን ሲከፍት ጄኔሬተሩ ዝቅ ሲል ስሙት።

ይህን እምምታ የሥራችሁ መሠረት አድርጉት። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ ቅጂውን አሰሙትና በጆሮው ያስተካክልበት፤ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። የኪቦርድ ድምፅ የምትጠቀሙ ከሆነ መሣሪያውን በ35 ሴንት ያህል ከፍ አድርጉት (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። የገበያውን ቅጂ ወደ ታች ከመጎተት መሣሪያውን ወደ ላይ መግፋት ይመረጣል፤ የተጎተተ ቅጂ ይበላሻል።

ከዚያ ቅኝት ምረጡ። ከሶል ሲነሱ፦ ሙሉ ትዝታ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ነው። ባቲ ሚኖር ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ፋ። አምባሰል ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አንቺሆዬ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ሚ። የትኛው እንደሚሆን እናንተ አትወስኑም፤ ሻጮቹ ይወስናሉ።

8. ዜማውን ከሻጭ አንደበት

አንድ ጥሪ ለይታችሁ ደጋግማችሁ ስሙ። ሻጭ ሲጮህ አይናገርም፣ ያዜማል፤ አብዛኛው ጥሪ በሁለት ወይም በሦስት ድምፅ ላይ ይመላለሳል። ከኪቦርድ ጋር እያስተያያችሁ እነዚያን ድምፆች አግኙ። አምስት የተለያዩ ሻጮችን ስታገኙ ድምፆቻቸውን አንድ ላይ ጻፉና ከአራቱ ቅኝት የትኛው እንደሚቀርባቸው እዩ። አንዱ ሻጭ ከቅኝቱ ትንሽ ቢያፈነግጥ አታርሙት። የሰው ድምፅ በማሽን ሲታረም ሰውየው ይጠፋል፤ ገዢዎቹ ሲሰሙት «ይሄ እሱ አይደለም» ይላሉ።

የድሬ ገበያ በአንድ ቋንቋ አይጮህም። ኦሮምኛ፣ ሱማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ፤ የድሬው ልጅ አሊ ቢራ በአራቱም መዝፈኑ ከዚህ ሕይወት የመጣ ነው። ለእኛ ሥራ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ኦሮምኛና ሱማልኛ የሚረዝም አናባቢ ስላላቸው ጥሪያቸው ይጎተታል፤ ዜማ ይሸከማል። አማርኛ በሚጠብቁ ድምፆቹ ይመታል፤ «አለ፣ አለ» ሲባል ጠብቆ የሚመጣው «ለ» ላይ ምት አለ። ስለዚህ የሚረዝሙትን ጥሪዎች ለአዝማች፣ የሚመቱትን ለመሃል ሙሌት ተጠቀሙ። ቋንቋውን የማታውቁት ከሆነ ከመጠቀማችሁ በፊት የሚናገር ሰው ያድምጠው፤ ጥሪ ሲቆረጥ ትርጉሙ ተዛብቶ ስድብ ሊሆን ይችላል።

9. መገንባት

በእምምታው ጀምሩ፣ ብቻውን፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል። ከዚያ ሹካው ይግባ። ከዚያ የሊጡ ምት። አንድ ጥሪ ብቻ አስከትሉ፤ ሁለተኛው ሻጭ የመጀመሪያውን እንዲመልስለት አድርጉ፣ ገበያ ላይ እንደሚያደርጉት ሁሉ። በአንድ ጊዜ ከአምስት ድምፅ በላይ አታሰሙ። መሃል ላይ ሁሉንም አንስታችሁ ገበያው ጸጥ ያለበትን ቅጂ አስገቡ፣ ከዚያ ባጃጁ ከግራ ወደ ቀኝ ይለፍና ምቱ ይመለስ። አራት ደቂቃ ይበቃል።

ሲቀናበር ከሰው ድምፅ ሥር ያለውን፣ ከ80 ኸርዝ በታች፣ ቁረጡ። እምምታው ከአንድ ቅጂ ብቻ ይምጣ፤ ከሌሎቹ ካልተቀነሰ ተደራርቦ ያጨቀያል። በግራና ቀኝ ስትደለድሉ መንገዱን አስቡ፦ ጋጋሪው በግራ፣ ጁስ ቤቱ በቀኝ፣ ሰው በመሃል። ሰው ሠራሽ ማስተጋባት አትጨምሩ፤ ከአምስት እርምጃ የቀዳችሁት የመጋላ ግድግዳ ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል።

10. ማሰማትና መላክ

ለማንም ከመልቀቃችሁ በፊት ድምፃቸው የገባ ሰዎች ጋ ተመለሱና አሰሟቸው። በኤርፎን ብቻ ሳይሆን በስልኩ ስፒከር፣ ገበያው መሃል፤ እዚያ ላይ የማይሰማ ክፍል ካለ ወፍራሙ ምት በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው ማለት ነውና ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ደርቡበት። «አውጣኝ» ያለ ሰው ካለ አውጡት፣ ክርክር የለም። ስሙ እንዲጠቀስ የፈለገ ካለ ጻፉለት፤ ከሥራው ገንዘብ ከመጣ ድርሻ እንዳላቸው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዋናውን በዋቭ አስቀምጡ፤ ለሰው የምትሰጡትን በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 አውጡ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት። ስልኩን ስፒከር ላይ አስጠግታችሁ የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ከላካችሁት ግን ሲጨመቅ የዘይቱ ሽሽታና የትራንስፎርመሩ እምምታ አብረው ይጠፋሉ።